«ልብህ አላለፈም» ከተባልክ ወረቀቱን ጠይቅ

ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ እየዞረ ነው። ቢያንስ ሰባት የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እስኪ ይህን ይዩት» ብላችሁ ልካችሁልኛል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ለፓይለትነት የሚደረገው የልብ ምርመራ የድሃ ልጅ ማስቀሪያ ዘዴ ነው፤ ዘመድ ያለው ያልፋል፣ ዘመድ የሌለው «ልብህ ችግር አለበት» ተብሎ ይሸኛል፤ ስለዚህ ወይ ተዉት፣ ወይ «የሚያስጨርስላችሁ ሰው» ፈልጉ። መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ሳይ ጽሑፉ ለምን እንደተጻፈ ገባኝ።

በአንድ መስመር መልሼ ልተወው ነበር። ግን ነገሩ ጥርት ያለ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሰው እንዲህ አይቀባበለውም ነበር። ውስጡ እውነት አለ፤ ደላላው የሚነግደውም በዚያች እውነት ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ እውነቱን።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። ስሙንም የተመረመረበትንም ቦታ አልናገርም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። የፊዚክስ አስተማሪያችንን በጥያቄ የሚያስጨንቅ ዓይነት ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ለአብራሪነት ሥልጠና አመለከተ። ፈተናውን አለፈ፣ ቃለ መጠይቁን አለፈ፣ ሕክምናው ላይ ቆመ። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ደግሞ አዳመጠ፣ ሌላ ሐኪም ጠራ። ከዚያ ለልጁ የተነገረው ሁለት ቃል ነው፦ «ልብህ አላለፈም»። ወረቀት የለም። ምን እንደተሰማ፣ ምን እንደተጠረጠረ፣ ቀጥሎ የት መሄድ እንዳለበት የነገረው ሰው የለም። እሱም አልጠየቀም። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ በሩ ፊቱ ላይ ሲዘጋበት ቆሞ የሕክምና ጥያቄ አያወጣም፤ እንባውን ደብቆ ነው የሚወጣው።

ቤቱ ገባ። እናቱ ጸበል ወሰዱት። ኳስ ተወ። ደረጃ ሲወጣ ደረቱን መያዝ ጀመረ። ስምንት ወር ሙሉ ነገ እንደሚሞት ሰው ኖረ። በስምንተኛው ወር አንድ ዘመዱ ገፋፍቶት ኢኮ ተነሳ፤ ኢኮ ማለት ልብን በአልትራሳውንድ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ውጤቱ የሩማቲክ የልብ ሕመም ሆነ። በልጅነቱ በተመላለሰበት የቶንሲል ሕመም ምክንያት ከልቡ በሮች (ቫልቭ ከሚባሉት) አንዱ በትንሹ ያፈሳል። ሐኪሙ በየወሩ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘለት፣ ኳሱንም መጫወት እንደሚችል ነገረው።

እንግዲህ አስቡት። ያ መጀመሪያ ያዳመጠው ሐኪም ጆሮው ትክክል ነበር! የሰማው ነገር ልጁን ከባሰ የሚያድን ነገር ነበር። ግን ለፓይለትነት አይሆንም ብሎ ፋይሉን ዘጋ፤ ለልጁ ለራሱ የሚያስፈልገውን ሳይነግረው አሰናበተው። ስምንት መርፌ አመለጠው።

የእኔ ጠብ እዚህ ጋ ነው። ከምርመራው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ በሁለት ቃል ከሚሸኝ ሰው ጋር ነው፤ ያንን ዝምታ ተጠቅሞ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ከሚል ደላላም ጋር ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። (ፉሪ ላይ ስታስተምር ይህን ማንበብ ግድ ይሆናል። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ የክፍሉ ግማሽ ወደ መስኮት ይዞራል፣ ሌላው ግማሽ ድሪምላይነር ነው ኤርባስ ነው ብሎ ይከራከራል። «ቲቸር፣ መነጽር ያደረገ ፓይለት መሆን ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ በየዓመቱ እጠየቃለሁ። ይችላል፤ እይታው በመነጽር መስፈርቱን እስከሞላ ድረስ።)

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ የኢካኦ፣ አባል ናት። የድርጅቱ ዝቅተኛ የጤና መስፈርት አኔክስ 1 በሚባለው ሰነድ ውስጥ ነው ያለው። ሰነዱ የጤና ብቃትን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ደረጃ 1 ተከፍሏቸው ለሚያበሩ የንግድ አብራሪዎች ነው። ደረጃ 2 ለግል አብራሪዎች፣ ማለትም ያለ ክፍያ ለራሳቸው ለሚያበሩ። ደረጃ 3 ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች።

ይህን ልዩነት አብዛኛው ወላጅ አያውቀውም፤ ሳያውቀው ግን ይከፍልበታል። እንዴት መሰላችሁ? አየር መንገድ ሳይቀጥረው በግሉ ከፍሎ ልማር የሚል ልጅ የሚጀምረው ከግል አብራሪነት ፈቃድ ነው። በኢካኦ መስፈርት 17 ዓመት የሞላውና ቢያንስ 40 ሰዓት የበረረ ሰው ለዚህ ፈቃድ ይበቃል። ተማሪው ብቻውን ከመብረሩ በፊት የደረጃ 2 ሕክምና ማለፍ አለበት። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ የሚስለው ኢሲጂ ለደረጃ 1 ገና ከመጀመሪያው ምርመራ ጀምሮ ግዴታ ነው። ለደረጃ 2 ግን በዝቅተኛው መስፈርት ግዴታ የሚሆነው ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክተው ከ40 ዓመት በኋላ ሲሆን ነው፤ ከ50 በኋላ ደግሞ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ። አገሮች ከዚህ በላይ ማጥበቅ ይችላሉ። ዝቅተኛው ወለል ግን ይህ ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? የ19 ዓመት ልጅ ኢሲጂ የሚባል ነገር ሳይነሳ የግል በረራ ሊማር ይችላል ማለት ነው። አባት ከብት ይሸጣል፣ እህት ከዱባይ ትልካለች፣ ሰዓቱ ይሞላል። ከዚያ «አሁን ወደ ንግድ ፈቃድ» ሲባል ደረጃ 1 ይመጣል። ኢሲጂው ላይ አንድ ነገር ይታያል። ቆመ። ገንዘቡ በነዳጅ ተቃጥሏል፣ በእጁ ያለው በአገራችን ሥራ የማያስገኝ የግል ፈቃድ ነው። ዓላማችሁ ሥራ ከሆነ ለማንም ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋን ብር ከመክፈላችሁ በፊት የደረጃ 1 ሕክምና አድርጉ። ይህን የሚመዘግባችሁ ሰው ራሱ በመጀመሪያው ቀን ሊነግራችሁ ይገባ ነበር። የማይነግራችሁ ከሆነ የሚፈልገው ገንዘባችሁን እንጂ ፓይለት መሆናችሁን አይደለም።

ሰነዱ ስለ ልብ ምን ይላል? ብዙ ሰው «ልቡ ላይ ምንም ነገር የተገኘበት አይበርም» ይላል ብሎ ያስባል። አይልም! የሚለው፣ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፣ አመልካቹ ፈቃዱን በደህና እንዳይጠቀም ሊያደናቅፈው የሚችል የልብ ጉድለት ሊኖረው አይገባም ነው። ክብደቱ «ሊያደናቅፍ የሚችል» የሚለው ላይ ነው። የልብ ድካም (ድንገተኛውን ማለቴ ነው፣ ሃርት አታክ የሚሉትን) የደረሰበት ወይም የልብ ቧንቧው የተሠራለት ሰው እንኳ ብቁ አይደለም ከተባለ በኋላ «ካልሆነ በስተቀር» የሚል ይከተላል፦ ችግሩ በሚገባ ተመርምሮ ሥራውን እንደማያደናቅፍ ካልተረጋገጠ በስተቀር። ሌላም አንቀጽ አለ። መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ ያላሟላ ሰው ቢሆንም፣ ጉዳዩን የሚያውቁ ባለሙያዎች ተሰብስበው በረራው ላይ አደጋ አያመጣም ካሉ፣ አስፈላጊ ከሆነም ፈቃዱ ላይ ገደብ ተጽፎበት፣ ማረጋገጫው ሊሰጠው ይችላል። ለምሳሌ «ሌላ አብራሪ አብሮት ሲኖር ብቻ» የሚል ገደብ። የአውሮፓው የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲም ቀላል የቫልቭ ችግር ያለበት አመልካች ብቁ ሊባል እንደሚችል በመመሪያው ጽፎታል።

ተማሪዬ ያልፍ ነበር እያልኩ አይደለም። ምናልባት አያልፍም ነበር። ግን በሕጉ መሠረት ልብ ምርመራ ላይ «አላለፍክም» የሚለው የንግግሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በሁለት ቃል የሸኘው ሰው ሕጉን አልፈጸመም፤ ግማሹን ነው የፈጸመው።

አሁን ደላላውን ላናግረው።

ወንድሜ፣ «ንጹሕ ወረቀት አሠራለሁ» ስትል ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ? የመንጃ ፈቃድ የጤና ወረቀት ስንቱ ደረቱ ሳይዳመጥ እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዓይኑን እንኳ ሳይታይ ማኅተም ተመቶለት የሚወጣ አለ። ውጤቱን በሰበታ መንገድ ላይ በየቀኑ እናየዋለን። አየር ላይ ያንን እንድገም ነው የምትለው?

እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1972 ከለንደን ሂትሮው የተነሳ የብሪቲሽ ዩሮፒያን ኤርዌይስ ትራይደንት አውሮፕላን በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ስቴንስ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ወደቀ። 118 ሰው ነበረበት፤ ሁሉም ሞቱ። ካፒቴኑ የ51 ዓመት ሰው ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ የደም ቧንቧዎች በጣም የጠበቡ ሆነው ተገኙ፤ ከመሞቱ ከጥቂት ጊዜ በፊት አንደኛው ቧንቧ ውስጡ ተሰንጥቆ ነበር። የአደጋው መነሻ ክንፉ ላይ ያለው መሣሪያ ያለ ጊዜው መሰብሰቡ ቢሆንም፣ የካፒቴኑ ልብ ለዚያ ስህተት አስተዋጽኦ እንዳደረገ መርማሪዎቹ ጽፈዋል። ይህ ሰው ወረቀት የገዛ ሰው አልነበረም። በየጊዜው ይመረመር ነበር፤ መደበኛው ምርመራ ግን ሕመሙን አላገኘውም። ሰው ተኝቶ የሚነሳው ኢሲጂ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። እንግዲህ ተመርምሮም እንዲህ ሊሆን ከቻለ፣ ያልተመረመረውን በገንዘብ ማሳለፍ ምን ይባላል? በትልቁ አውሮፕላን ላይ ቢያንስ አጠገቡ ሁለተኛ አብራሪ አለ። የግል አብራሪ ደግሞ ብቻውን ነው፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ወንድሙ ወይ ጓደኛው ነው፣ መሪውን የሚቀበለው ማንም የለም።

ስለዚህ «ምርመራው ተንኮል ነው» የሚለውን ከእኔ አትስሙ። ስህተት ካለበት ማነሱ ነው።

ግን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ ምርመራውን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወደሚያዩት። የኢሲጂ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች ተሰብስበው የወሰኑት ወሰን ነው፣ ይለወጣልም። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳችሁን አስታውሱ፦ የልብ ምት ትእዛዝ ከላይኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ያ ጉዞ የሚፈጀው ጊዜ በኢሲጂ ላይ ፒአር ይባላል፤ በሚሊ ሰከንድ ይለካል። የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመሪያ ለዓመታት ወሰኑን 210 ላይ አስቀምጦት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ምልክት ለሌለው ሰው ወደ 300 አሰፋው። (ያኔ «አብራሪዎች በክትባት ልባቸው ስለተጎዳ ነው ያላሉት» የሚል ወሬ ዓለምን ዞሮ እኛ ሠፈር ድረስ ደርሶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ምክንያት አዲስ የሕክምና መረጃ ነው።) ፒአሩ 230 የሆነ ሰው በመስከረም ተጨማሪ ምርመራ አምጣ ይባል ነበር፣ በኅዳር ግን በሰላም ሂድ ተባለ። ልቡ አልተለወጠም። መስመሩ ነው የተለወጠው።

ሌላም አለ። ወሰኖቹ መጀመሪያ የተሠሩት የማን ልብ ታይቶ ነው? ስፖርተኞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አውሮፓዊ ወጣት ላይ ሲታይ ሐኪም የሚያስደነግጥ አንዳንድ የኢሲጂ ቅርጽ፣ በጥቁር ስፖርተኞች ላይ ጤነኛ ልብ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የስፖርተኞች የኢሲጂ አነባበብ መመሪያ ይህንን ለይቶ አስቀምጦታል። በሩጫ የዳበረ ልብ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ፒአሩም ይረዝማል፤ መመሪያው ይህንንም ለስፖርተኛ ጤነኛ ይለዋል። እኛ ደግሞ የሯጮች አገር ነን። ጠዋት ጠዋት ወደ ፉሪ ተራራ የሚሮጡትን ልጆች ኢሲጂ ብታነሷቸው ወረቀቱ ላይ ስንት «ያልተለመደ» ነገር ይወጣ ይሆን? የሚያነበው ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ማሽኑ በራሱ ጊዜ የሚያትመውን «ያልተለመደ ኢሲጂ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አንብቦ ልጅ የሚጥል ሰው ኢሲጂ አላነበበም፣ ማሽን ነው ያነበበለት።

ኳስ ለምትወዱ በኳስ ልንገራችሁ። ንዋንክዎ ካኑን አስታውሱ፤ የአርሰናል ደጋፊ ካልሆናችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ከአያክስ ወደ ኢንተር ሚላን ሲዛወር በተደረገለት ምርመራ የልቡ ቫልቭ ላይ ከባድ ችግር ተገኘ። ምርመራው ባይኖር ሜዳ ላይ ሊሞት ይችል ነበር። ዝም ብለው «ልብህ አላለፈም» ብለው ቢሸኙትስ? ኢንተር ሐኪም ፈለገለት፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ነው አርሰናል ሄዶ እኛን ያስጨፈረን። በ2000 የአፍሪካ ልጆችን ልብ የሚያሳክም ፋውንዴሽንም አቋቋመ። ክርስቲያን ኤሪክሰን ደግሞ በ2021 ሜዳ ላይ ወደቀ። ደረቱ ውስጥ መሣሪያ ተገጠመለት። በጣሊያን ደንብ በዚያ መሣሪያ መጫወት አይፈቀድም፤ በእንግሊዝ ይፈቀዳል። በጥር 2022 ብሬንትፎርድ ገባ። ያው ሰው፣ ያው ልብ፣ ሁለት ደንብ።

የግል አብራሪነት ላይም ልዩነቱ እንዲሁ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የግል አብራሪዎች በየጊዜው የአቪዬሽን ሐኪም ዘንድ እንዳይመላለሱ ፈቅዳለች፤ በተወሰነ ክብደት፣ ፍጥነትና ከፍታ ውስጥ እስከበረሩ ድረስ በራሳቸው ሐኪም በየአራት ዓመቱ መታየት ይበቃቸዋል። ልብ ላይ ግን እዚያም አልቀለዱም፦ ሃርት አታክ የደረሰበት ወይም ቫልቭ የተቀየረለት ሰው መጀመሪያ አንድ ጊዜ በልዩ ግምገማ ማለፍ አለበት። በሩ አለ፣ ጠባቂም አለው፣ ጠባቂው ግን ያነጋግርሃል። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው።

በር ጠባቂው ሲያስፈራ ሰው ይደብቃል። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 5,000 የሚጠጉ የቀድሞ ወታደር አብራሪዎች ለአቪዬሽኑ ያልነገሩት ሕመም ይኖራቸዋል ተብለው ሲጣሩ እንደነበር ተዘግቧል፤ የጦር ጉዳት ካሣ እየወሰዱ ለበረራ ሐኪም ግን ደህና ነን ያሉ። ደህና ደመወዝ ያለው፣ ጠበቃ የሚይዝ አሜሪካዊ አብራሪ እንዲህ ከደበቀ፣ የእኛ ልጅማ በልጅነቱ ጉልበቱ አብጦ ሆስፒታል መተኛቱን ለምን ይናገራል? መናገር የሚያስገኝለት ነገር «ሂድ» መባል ብቻ ከሆነ አይናገርም።

የጉልበት ማበጥ ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። እኛ አገር የወጣት ልብ ሕመም ሲባል በዋናነት የሚመጣው ያ ተማሪዬ ላይ የተገኘው ነው፦ ሩማቲክ። አመጣጡ ቀላል ነው፣ ለዚህ ነው የሚያናድደው። ሕፃኑ ጉሮሮው ይቆስላል። እኛ «ቶንሲል ነው፣ ይለፈዋል» እንላለን፣ አንዳንዱ ቤት እንጥል ያስቆርጣል። መድኃኒት ካላገኘ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መሣሪያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ይወጋል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ይለቃል። ቤተሰብ ተሻለው ይላል። ልቡ ላይ ያለው ግን አይለቅም፤ በእያንዳንዱ ተደጋጋሚ ቶንሲል እየባሰ ይሄዳል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ ልጅቷ ከሆነች እርግዝና ላይ ይወጣል። ያኔ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ወረፋው በሺዎች የሚቆጠር መሆኑን የማያውቅ የለም።

ስንት ልጆቻችን ይህን ይዘው ቁጭ ብለዋል? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በጅማና በኬፕታውን ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። ምንም አይሰማንም የሚሉ ተማሪዎች በኢኮ ታዩ። ጅማ ላይ፣ ግልጽ የሆነውና አጠራጣሪው ተደምሮ፣ ከሺህ ተማሪ 30 ገደማ ልጆች ላይ ምልክቱ ተገኘ። በየሰልፍ ሜዳው ቆሞ መዝሙር የሚዘምረውን ሺህ ተማሪ አስቡትና ሠላሳውን ቁጠሩ። በ2007 የታተመ የሞዛምቢክና የካምቦዲያ ጥናት ደግሞ፣ ሐኪሞች በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሲፈልጉ ከሺህ ሁለት ገደማ ብቻ አገኙ፤ በኢኮ ሲያዩ ከ20 እስከ 30 ሆነ። ስለዚህ የተማሪዬን ልብ በጆሮው የሰማው ሐኪም ጎበዝ ነበር ማለቴ ከልቤ ነው።

ቀድሞ ማግኘቱ ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል። ኡጋንዳ ውስጥ ገና ምልክት ያላሳዩ 818 ልጆች ተከፋፍለው ግማሾቹ በየወሩ ፔኒሲሊን ተወጉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት፦ በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌ ካላገኙት 8.2 ከመቶ የሚሆኑት ልባቸው ባሰ፤ ካገኙት 0.8 ከመቶ ብቻ። ውድ መድኃኒት አይደለም፤ በዓለም ላይ ካሉት የቆዩና ርካሽ መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ታዲያ ለምንድን ነው የአንድ ልጅ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት የሚደመጠው በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ፓይለት እሆናለሁ ብሎ ሲያመለክት የሆነው? አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ቁጭ ብሎ ማንም ደረቱን አልነካም። ዩኒፎርሙን በየጠዋቱ እናያለን፣ ፀጉሩን እናያለን፣ አርፍዶ መምጣቱን እንመዘግባለን። ፓይለት ለመሆን ያላሰበውስ? አናጺ፣ ሹፌር፣ ነርስ የሚሆነው? የእሱን ልብ ማን ያዳምጠዋል? ምርመራውን ሀብታም ሙያ ላይ የምንዘረጋው የበር ምንጣፍ አደረግነው።

ፓይለት መሆን ለምትፈልጉ ልጆቼ፣ ለተመረቃችሁትም አሁን ላላችሁትም፣ እንዲህ አድርጉ። ከማመልከታችሁ በፊት በራሳችሁ ገንዘብ ኢሲጂ ተነሱ፣ ከቻላችሁ ኢኮም። በልጅነታችሁ ጉልበታችሁ አብጦ የሚያውቅ ከሆነ እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ እነሱ አይረሱም፤ እንዲህ ከሆነ ኢኮውን ግዴታ አድርጉት። ውጤቱን በፋይል ያዙት፤ የዛሬ አምስት ዓመት «ይህ አዲስ ነው ወይስ የቆየ?» ስትባሉ አሮጌው ወረቀት ምስክራችሁ ነው። ሕክምናው ላይ ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። «አላለፍክም» ከተባላችሁ ደግሞ አልቅሳችሁ አትውጡ፤ ወይም አልቅሱ ግን ቆማችሁ አልቅሱ፦ «ምን ተገኘ? በየትኛው ደረጃ ነው ያላለፍኩት? የኢሲጂዬን ቅጂ ስጡኝ። ወደየትኛው የልብ ሐኪም ልሂድ? ተጨማሪ ምርመራ ባመጣ ጉዳዩ እንደገና ይታያል ወይ?» በሉ። እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መርማሪው ቢቆጣ ይቆጣ።

መርማሪ ሐኪሞች ሆይ፣ አንዳንዶቻችሁ ይህን ገጽ እንደምታነቡ አውቃለሁ፤ ሁለታችሁ የእኔው ተማሪዎች ነበራችሁ። ቀኑን ሙሉ ወረፋ እንዳለባችሁ ይገባኛል። ግን ልብ ላይ ድምፅ ሰምታችሁ ልጁን ባዶ እጁን አትሸኙት። ግማሽ ገጽ ጻፉለት። የሰማችሁትን፣ የጠረጠራችሁትን፣ የሚሄድበትን። አምስት ደቂቃ ነው።

እኛ ጋም ሥራ አለ። ለትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር አንድ ቅዳሜ ጠይቄያለሁ፤ አዳራሹን ፈቅደውልኛል፣ ወላጆችን በደብዳቤ አስፈቅደን እንጠራለን። የጎደለን በእጅ የሚያዝ ኢኮ ያለውና ማንበብ የሚችል ሰው ነው፤ የነዳጅና የምሳውን እኛ እናዋጣለን። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የምትሠሩ የልጅነት ጓደኞቼ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከዘጠነኛ ክፍል እንጀምራለን፤ አራት ክፍል ናቸው፣ ስም ዝርዝሩ እኔ ጋ አለ።